በርሜሉ ሲጠማው

መስከረም 18፣ ሰኞ

ለቀማው አለቀ። የመጨረሻው ዘለላ ትናንት ገባ፣ መጭመቂያው ታጥቦ ተከደነ። ወገቤን ግን የሚያጥበውም የሚከድነውም አልተገኘም።

ዕረፍት ብዬ ሳላበቃ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተደወለ። ከዘንድሮ ጀምሮ እያንዳንዱ ወይን ጠጅ በኮምፒውተር ይመዘገባል፤ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ፣ በየትኛው ታንክ እንደተብላላ፣ በየትኛው በርሜል እንደተኛ፣ ማን እንዳንቀሳቀሰው፣ ማን እንዳጸደቀው። በኅዳር መጨረሻ ተቆጣጣሪ ይመጣል። የፈለገው በርሜል ላይ እጁን ጭኖ «ይህ ከየት መጣ?» ይላል። እዚያው ቆመን ዱካውን ካላሳየን ፈቃዳችን አይታደስም። ፈቃድ ከሌለ ደግሞ አንዲት ጠርሙስ ከግቢ አትወጣም።

አባባ ሲሰሙ ሳቁ። «ወይን ጠጅ በአፍንጫ ይጠመቃል እንጂ በጣት አይጠመቅም» አሉ። ጠማቂው እሳቸው ናቸው፤ እኔ ልጃቸው የቢሮውን ሥራ ነው የያዝኩት። ስለዚህ ጣቱ የኔ ነው ማለት ነው።

ይህን ነገር እወጣዋለሁ። ኋላ ብሸሽ እንዳፍር ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

መስከረም 21፣ ሐሙስ

ሶፍትዌሩ ተጫነ። አሰልጣኟ በስልክ ነው የምታስተምረኝ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ዓይነት ሴት ናት። መጀመሪያ የታንኮቹን ስም ጠየቀችኝ። ነገርኳት፦ «ሽማግሌው»፣ «ምቀኛዋ» (ቧንቧዋ በአጠገቧ ያለፈውን ሁሉ ታረጥባለች)፣ በር ላይ ያሉት «መንታዎቹ»። «ቁጥር ብንሰጣቸው ይሻላል» አለች።

አክስቴ ከጀርባዬ ቆማ ነበር። የአባባ እህት ናት። ጠርሙስ ላይ መለያ ወረቀት ትለጥፋለች፣ ሰው ላይ ደግሞ ስም። «እኔንስ በስንት ቁጥር ልትመዘግቢኝ ነው?» አለች።

ከዚያ አሰልጣኟ፣ «ከሌላ ማሳ ጋር የሚቀላቀል ወይን አላችሁ?» ብላ ጠየቀች። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ሁሉንም ጠየቅሁ። አክስቴ «የለም»። የምድር ቤቱ ሠራተኛችን «የለም»። አባባ «የለም» ብቻ አልበቃቸውም። «የላይኛው ማሳ ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ አያውቅም፤ በእኔ ዘመንም አይቀላቀልም» አሉ። ጠርሙሱ ላይ ከስማቸው ሥር የሚጻፈው ይኸው ነው፦ «ከላይኛው ማሳ ብቻ»። ሰው እኛን የሚያውቀን በዚህ ነው።

«የለም» የሚለውን ተጫንኩ። ልቤ ንጹሕ ነበር።

መስከረም 27፣ ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ቁጥር። ዓይኔ ፈሰሰ።

አባባ ዛሬ ሽቶ ተቀብተው ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ያውም አፍንጫ የሚመታ። ሽቶ የተቀባ እንግዳ ከደረጃው ይመልሱ የነበሩት ሰውዬ! አክስቴ፣ «ወንድሜ ሊያገባ ነው እንዴ?» አለችና ሳቅን። በዚህ ዕድሜ ትንሽ ማማር ምን ይላል።

ጥቅምት 3፣ ማክሰኞ

ሲስተሙ ቀላ። እኔም ቀላሁ።

የአምናው የላይኛው ማሳ ወይን በርሜል ውስጥ ከተኛ ጀምሮ ምንም አልጎደለም ይላል። እንጨት ወይን ጠጅ ይመጥጣል፤ ይህን ሕፃን ልጅም ያውቃል። የማይጎድል በርሜል የለም። ስለዚህ በቀይ «ሚዛኑ የማይመስል» ብሎ ዘጋብኝ። ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ነው ብዬ በቁጣ ደወልኩ።

«በርሜሎቹ አይጎድሉም እንዴ?» አለች አሰልጣኟ።

«ይጎድላሉ እንጂ። ሲጠማቸው እናጠጣቸዋለን።»

«ምን ታጠጧቸዋላችሁ?»

«ወይን ጠጅ ነዋ።»

«ከየት አምጥታችሁ?»

ማስታወሻዬን ገለጥኩ፤ የተጻፈ ነገር የለም።

«ማጠጣት እኮ ነው» አልኩ በመጨረሻ። «ዝውውር አይደለም።»

«ለእኔ ዝውውር ነው። ለተቆጣጣሪውም ዝውውር ነው» አለች፣ ሳትቆጣ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? የሚጠጡት ከየት እንደሚቀዳ ይጻፉና ቀዩ ይጠፋል።»

ስልኩን ዘጋሁ። በእኛ ቤት ዝውውር ማለት ፓምፕ ነው፣ ጎማ ነው፣ ጩኸት ነው። ማጠጣት ግን በማንቆርቆሪያ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀስ ተብሎ የሚደረግ ነገር ነው። ልጁን ውሃ ያጠጣ ሰው ይመዘግባል? አንመዘግብም። ያን ዕለት ሁላችንም «የለም» ስንል አንዳችንም አልዋሸንም። የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።

ጥቅምት 4፣ ረቡዕ

ቱቦን ጠየቅሁት። ቱቦ የምልው የምድር ቤቱን ሠራተኛ ነው፤ ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ጎማ ከአንገቱ አይወርድም፤ ሚስቱም ሳትቀር ቱቦ ነው የምትለው።

«ከመንታዎቹ ነዋ የምንቀዳው» አለኝ። «ከግራው።»

መንታዎቹ በር ላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ ታንኮች ናቸው፤ አንዱን ከሌላው የሚለይ ጭረት እንኳን የለም። አንዱ ውስጥ ለማጠጫ ብለን ያስቀረነው የላይኛው ማሳ ወይን አለ፣ ሌላው ውስጥ የታችኛው ማሳ። ምልክት የላቸውም። ምልክታቸው የአባባ አፍንጫ ነው። ባለፈው ብርድ ወለሉ ሲታደስ ሁለቱም ወጥተው ነበር።

«ሲመለሱ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማን ለየ?» አልኩት።

«ጋሼ ናቸዋ። ሁለቱንም አሸተቱና ‹ማጠጫው ይሄ ነው› አሉኝ።»

እንግዲያው አለቀ። ከግራው መንታ ወደ በርሜሎቹ፤ የራሱ ማሳ ወይን ነው፣ ምንም ችግር የለውም። ልጽፈው ስል፣ ለወጉ ያህል ከግራው ትንሽ ቀድቼ ቀመስኩ። አልወደድኩትም። የታችኛው ማሳ ወይን እርጥብ ሸክላ ይሸታል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ይሄኛው ሸክላ ሸክላ አለኝ። ከቀኙ ቀዳሁ። ቀኙ ደረቅ ፕሪም ነው፣ ከኋላው ትንሽ ናና። የላይኛው ማሳ ነው።

ጉንፋን ሊይዘኝ ነው መሰለኝ። ሌላ ቀን እደግመዋለሁ።

ጥቅምት 6፣ ዓርብ

የፓምፑ ጎማ ተቃጠለ። ጭሱ ያን ያህል አልነበረም፤ ግማቱ ግን አንጀት ያወጣ ነበር። አክስቴም ቱቦም እኔም በእጅጌያችን አፍንጫችንን ይዘን ወደ ግቢ ሮጥን። ስንመለስ አባባ ፓምፑ አጠገብ ተቀምጠው መነጽራቸውን ይወለውላሉ።

«ምን ሆናችሁ? እባብ ገባ እንዴ?» አሉን።

ሥራ ላይ ሲሆኑ እንዲህ ናቸው። ቤቱ ቢፈርስም አይሰሙም።

መንታዎቹን ደግሜ ቀመስኩ። ግራው ሸክላ። ቀኙ ፕሪም። ጉንፋንም አልያዘኝም።

ጥቅምት 10፣ ማክሰኞ

ሁለት ብርጭቆ ለአባባ ወሰድኩላቸው። ከግራው የቀዳሁበት ብርጭቆ እግር ላይ ቀይ ክር አስሬ ነበር። «አባባ፣ ይቅመሱልኝ። ሲስተሙ ግራ አጋባኝ» አልኩ።

ብርጭቆዎቹን አዙረው አዙረው ወደ መብራቱ አነሷቸው። መልኩን እንደዚያ አጥብቀው ሲያዩ አይቼ አላውቅም፤ ድሮ አፍንጫቸውን አስገብተው ወዲያው ነበር የሚናገሩት። አሸተቱ። ቀመሱ። ከዚያ ብርጭቆውን ትተው ፊቴን ማየት ጀመሩ።

«የላይኛው ይሄ ነው» አሉ። ቀይ ክር ያለውን።

«እንዴት ለዩት?»

«ጸጉሬ የሸበተው በዚህ ሥራ አይደለም እንዴ? ደግሞ መጠየቅ አለብኝ?»

«እሺ አባባ» አልኩ።

ብርጭቆዎቹን አምታትቼ ይሆናል። አዎ፣ ሳላምታታ አልቀረሁም። ቀይ ክር ያሰርኩበትን እንዴት እንዳምታታሁት ግን አላውቅም። እዚያው መናገር ነበረብኝ። «እሺ አባባ» ብሎ መሄድ ምን የሚሉት ነው? ፈሪ።

ጥቅምት 17፣ ማክሰኞ

ከሁለቱም መንታዎች ቀድቼ ወደ ላቦራቶሪ ልኬ ነበር። ውጤቱ መጣ። ግራው የታችኛው ማሳ ነው። ቀኙ የላይኛው።

እንግዲህ የአምናው የላይኛው ማሳ በርሜሎች ሁሉ ካለፈው ብርድ ጀምረው የታችኛውን ሲጠጡ ከርመዋል። ጥቂት ነው፣ ማንንም አይጎዳም፣ ብዙ ሰው ቢጠጣው አይለየውም። ግን «ብቻ» ብለን የምንጽፈው ውሸት ሆኗል። ደንቡ ደግሞ የአንድ ማሳ ስም ለሚይዝ ወይን የሌላ ማሳ ጠብታም አይፈቅድም።

ያን ጊዜ አባባ ደክሟቸው ይሆናል። የወለሉ ሥራ አቧራ ነበረው፣ ሰው ይወጣ ይገባ ነበር።

ጥቅምት 20፣ ዓርብ

ለአክስቴ ነገርኳት። ለማን ልንገር? መለያ ወረቀቶቹን በጨርቅ እያስተካከለች ሰማችኝና እንደ ቀላል ነገር፣ «ዝም አይነቅዝም» አለች።

«እንዴት ዝም እላለሁ? ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው።»

«ከቀኙ አጠጣን ብለሽ ጻፊ። ያጠጣነውን ያህል ከቀኙ ቀድተሽ ግራው ውስጥ ጨምሪው፣ ልኩ ይገጥማል። ማን ያውቃል? ሶፍትዌር እንደሆነ አፍንጫ የለው።»

«እሱስ የለውም» አልኩ።

ያልኩት ስለ ሶፍትዌሩ ነበር። አክስቴ ጨርቋን አጠፈች፣ ፈታች፣ መልሳ አጠፈች።

«ሆድ ይፍጀው» አለችና ወጣች።

ጥቅምት 22፣ እሑድ

ዛሬ ቢሮው የኔ ብቻ ነበር። አክስቴ እንዳለችው ጻፍኩት። እውነቴን ነው፣ ጻፍኩት። ከቀኙ መንታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ይህን ያህል ማንቆርቆሪያ። ቀዩ ሁሉ እየጠፋ አረንጓዴ ሆነ። ሚዛኑም ገጠመ፣ ሪፖርቱም ተዘጋጀ፣ መላክ ብቻ ነበር የቀረው። አባባም ስማቸው እንደተከበረ ይኖራል፣ እኔም እንቅልፌን እተኛለሁ ብዬ አሰብኩ።

እንቅልፌን እንደማልተኛ ግን እዚያው ወንበሩ ላይ ሳለሁ አወቅሁት። ይህ ሁሉ ዱካ ለምን ተፈለገ? አንድ ቀን አንድ ታንክ ቢበላሽ፣ አንድ ሰው ቢታመም፣ የቱን ጠርሙስ ከየት እንመልስ ብለን በፍጥነት እንድናውቅ ነው። እኔ የሐሰት ዱካ ብጽፍ ያን ቀን የምንሮጠው ወደ ሌላ ታንክ ነው። ደግሞ ውሸትም እንደ በርሜል ነው፤ በየሳምንቱ ይጠማዋል፣ በየሳምንቱ ታጠጪዋለሽ። ቱቦ ይጠይቀኛል፣ አክስቴ ታየኛለች፣ እኔ ሌላ እጨምራለሁ። አጠፋሁት። ሁሉም ተመልሶ ቀይ ሆነ።

የአምናው ወይን የማሳ ስም ሳይዝ፣ ተራ ቀይ ተብሎ ይወጣል። ከግራው እንደጠጣ ይጻፋል። ወስኛለሁ። የቀረው ለአባባ መንገር ነው።

ጥቅምት 28፣ ቅዳሜ

ነገርኳቸው። እራት ላይ፣ አክስቴ ባለችበት። የላቦራቶሪውን ውጤት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ አላዩትም።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» አሉ። «አንቺ ግን በቁሜ ልትቀብሪው ነው።»

«አባባ፣ ስሙን ለማዳን ነው። ዘንድሮ ብንተወው ለከርሞ በእውነት እንጽፈዋለን።»

«ማሽን አምነሽ አባትሽን ካድሽ።»

«ማሽኑ አይደለም። እኔም ቀምሼዋለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ነበር። ተነሥተው ወጡ፤ በሩንም በቀስታ ነው የዘጉት። ቢያላጉት ይሻለኝ ነበር። ዕቃ ማጠቢያው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። አክስቴ ውሃውን ከፈተችልኝ፣ እንዳይሰማ።

አልመለስም።

ኅዳር 9፣ ረቡዕ

ሩጫ።

በርሜሎቹ ሁሉ በኖራ ተጻፈባቸው። መንታዎቹ አንገታቸው ላይ ቆርቆሮ ታሰረላቸው። የቅዳሜው ማጠጣት ተለክቶ ተመዘገበ፣ ከቀኙ። አሰልጣኟ ከሥራዎቹ ዝርዝር ውስጥ «ማጠጣት» የሚል ቃል አስገባችልኝ፤ «ሌሎች መጥመቂያዎችም ሳይፈልጉት አይቀሩም» አለች።

አባባ አያናግሩኝም። የሚፈልጉትን በቱቦ ነው የሚልኩት፦ «ቢሮ ላለችው ሴትዮ ንገራት» እያሉ። ቱቦ ግን ደስ ብሎታል። «ጋሼ ማስተማር ጀመሩኝ» ይለኛል። «ብርጭቆ እየሰጡ ‹እስቲ ምን ይሸትሃል?› ይሉኛል። ስነግራቸው ‹ጎበዝ› ይላሉ። እኔ ድሮ ጎማ ተሸካሚ ነበርኩ እኮ!»

ጥሩ ነው። ሰው እውቀቱን ማውረስ አለበት።

ኅዳር 17፣ ሐሙስ

አንድ ሣጥን ቀረኝ። በእያንዳንዱ ማጠጣት ፊት «ያጸደቀው» ይላል። ባዶ አይታለፍም። ሞከርኩ፤ ቀላ።

አባባ ናቸው ያጸደቁት። ግን ስማቸው ከስህተቱ ጎን ተጽፎ፣ የማላውቀው ሰው መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲያነበው ይታየኛል። በጠርሙሱ ላይ የነበረው ስም! ብዙ አላመነታሁም። የራሴን ስም ጻፍኩ፤ ሁሉም ላይ። ቢሮው የኔ ነው፣ ኃላፊነቱም የኔ ነው። ይህ ውሸት አይባልም፤ ኃላፊነት መውሰድ ነው።

አረንጓዴ ሆነ። ላክሁት።

ኅዳር 24፣ ሐሙስ

መጣች። ተቆጣጣሪዋ አጠር ያለች ሴት ናት፣ የራሷን ቦት ጫማ በፌስታል ይዛ ነው የመጣችው። አባባ ከእራቱ ቀን ወዲህ እኔ ባለሁበት አይቀመጡም ነበር፤ ዛሬ ግን ወርደው በር ላይ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ቱቦ ጎማውን ከአንገቱ አውርዶ ቆመ፤ ባዶ አንገቱን ሳየው ሠርግ የሄደ መሰለኝ።

በበርሜሎቹ መሀል እየሄደች አንዱ ላይ እጇን ጫነች። «ይህ ከየት መጣ?»

አሳየኋት። ማሳው፣ የለቀማው ቀን፣ ታንኩ፣ በርሜሉ። ከዚያ ማጠጣቱ፤ ከታችኛው ማሳ፣ በስህተት። ለዚህ ነው የማሳ ስም የማንጽፍበት አልኩ። ወደ መንታዎቹ ሄዳ ልካቸውን አየች፣ ከስክሪኑ ጋር አመሳከረች። ገጠመ።

«ማጠጫውን የለዩት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ቀምሰው?»

«አዎ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

«አይደለችም» አሉ አባባ።

ከበርጩማው ተነሥተው ነበር። ወደ እኔ አልመጡም፤ ወደ እሷ ሄዱ።

«እሷ ብትቀምሰው አትስተውም ነበር። የጠቆምኩት እኔ ነኝ። ካለፈው ብርድ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። በርሜል የምናጥንበት ድኝም፣ የጎማው ጭስም፣ የራሴ ሽቶም። ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተመለሰም።»

ቱቦ ጎንበስ ብሎ መሬቱን አየ። ተቆጣጣሪዋ ጣቷን ከስክሪኑ አነሣች። «አባቴ፣ ይህን ልመዝግበው?» አለች በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ዱካ ፈልጊ ተብለሽ አይደል የመጣሽው? እኔ ጋ ነው የሚያልቀው። እስከ እኔ አምጪው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ከእራቱ ቀን ወዲህ መጀመሪያ ያናገሩኝ ይህ ነው። «አስተካክዪው። ፊደሉን እንዳትስቺ።»

እያዩኝ የእሳቸውን ስም ጻፍኩ። ፊደሉን ሁለት ጊዜ ሳትኩ።

የሥራ ፈቃዳችን ታደሰልን። ያጸደቀውን ሰው ስም በሐሰት በመጻፌ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ይገባኛልም። የአምናው ወይን ተራ ቀይ ተብሎ ይወጣል። አክስቴ የተዘጋጀውን መለያ ወረቀት ሁሉ ሰብስባ ካርቶን ውስጥ አስገባች። ዛሬ ምንም ቀልድ አልቀለደችም።

አውቅ ነበር። ከክሩ ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር፤ ፓምፑ የተቃጠለ ዕለትም ሳላውቅ አልቀረሁም። እሳቸው ብቻቸውን ይዘውት ሲከርሙ እኔም አላውቅም ብዬ ብቻቸውን ተውኳቸው።

ኅዳር 30፣ ረቡዕ

አባባ ከእራት በኋላ አልተነሡም። አክስቴ ሳህኖቹን አነሣሥታ ሄደች።

«ዘንድሮ የገባው የላይኛው ማሳ» አሉ፣ «ምን ይሸታል?»

ነገርኳቸው። ፕሪሙ ከአምናው ጠቆር ያለ እንደሆነ፣ ናናው ዘንድሮ ቶሎ እንደመጣ፣ እንጨቱ ገና እንዳልያዘው፣ መጨረሻው ላይ ዝናብ የነካው አቧራ የሚመስል ነገር እንዳለ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ሩቅ አገር ስላለ ዘመድ እንደሚነገራቸው ሰው ነበሩ። ጨረስኩ።

«ሌላስ?» አሉ።

ምን እንደሚጠይቁኝ ገባኝ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር፤ ደስ ብሏቸው ይተኙ ነበር።

«ግድግዳው ሥር ያለው አንዱ በርሜል ወደ ኮምጣጤ ሊያዘነብል ነው» አልኩ። «ገና ትንሽ ነው። ከትናንት ጀምሮ ነው የሸተተኝ።»

ዓይናቸውን ገለጡ። ከብርዱ ወዲህ ያላየሁት ፊታቸው ነበር፤ ቁጡው፣ የሥራው።

«ከትናንት ጀምሮ? ታዲያ እዚህ ምን ያስቀምጥሻል? ተነሺ!»

ጫማቸውን በእግራቸው እየፈለጉ ጥያቄ ያዥጎደጉዱብኝ ጀመር፤ ሽታው ስለት አለው ወይስ ለስላሳ ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል ወይስ አፍንጫ ላይ ይቀራል፣ ክዳኑ ስር ነው ወይስ መሀሉ። አንዱን መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። ደረጃውን አብረን ወረድን። ብርጭቆውን እኔ ያዝኩ፣ መብራቱን እሳቸው።